ብርሃን የሚበላ ኪቦርድ

እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ቻርጀር፣ ፍላሽ፣ የኮምፒውተር ነገር ሁሉ እሸጣለሁ። ፈትያ ስለ ዕቃ ትዋሻለች የሚል ሰው ካለ አምጡልኝ። መጥፎውን መጥፎ ነው እላለሁ፤ ገዢው ይሄዳል፣ ይሂድ። ስለዚህ የጋሽ ብርሃነ ኪቦርድ ጥሩ ዕቃ ነበር ስል እመኑኝ። ሰፈር ውስጥ «ያ የቻይና ዕቃ ነው ጉድ የሠራቸው» እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ደሜ ይፈላል። ዕቃው ምንም አላጠፋም።

ጋሽ ብርሃነን ያወቅኳቸው በአፋቸው ነው። ካዛንቺስ ሳለን ሱቄንና የእሳቸውን ጽሕፈት ቤት የሚለየው አንድ የችፑድ ግድግዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፃቸው ይመጣል፤ ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣውን ሰው ያጫውቱታል፣ ይመክሩታል፣ ይቆጡታል። ባሏን ልትከስ የመጣችውን ሴት አስታርቀው ይመልሷታል፤ ማመልከቻውም ቀረ፣ ገቢውም ቀረ። «ጋሽ ብርሃነ፣ እንዲህ ከቀጠሉ እኮ ይዘጋሉ» ስላቸው ይስቃሉ። ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፣ እሱንም ለመዱ፤ ጡረታ ሲወጡ ያችን ክፍል ተከራዩ። ሲጽፉ ጣታቸውንም ስክሪኑንም አያዩም። የሚያዩት ባለጉዳዩን ፊት ለፊት ነው። «ሰው ሲያወራ ዓይኑን ነው የሚያዩት፤ ወረቀቱ የትም አይሄድም» ይሉ ነበር። ስሕተት ተገኝቶባቸው አያውቅም፤ እኔ አላየሁም።

ባለቤታቸው እትዬ ወለተማርያም ናቸው፤ እኛ ወለቴ እንላቸዋለን። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሐሴት። እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው ያሳደጓት። ሐሴት መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ እዚያው ወጥ ቤት የሚሠራ ሃፍቶም የሚባል ልጅ ወደደች። ጨዋ ልጅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ቸኮሉ። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ቤተሰብ ሳይጠየቅ፣ ወሎ ሰፈር ቤት ተከራይተው አብረው ገቡ።

ይሄ ለሌላ አባት ቀላል ሊሆን ይችላል። ጋሽ ብርሃነ ግን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ካዛንቺስ ውስጥ ልጅ ሲጠየቅ እሳቸው ያልተላኩበት ቤት የለም። የሰው ልጅ ሲያስድሩ ኖረው የራሳቸው ልጅ ሻንጣዋን በላዳ ጭና ወጣች። ሰው ደግሞ አያሳርፍም፤ «ጋሽ ብርሃነ፣ የሐሴትን ድግስ ዋጣችሁት እንዴ?» ይላቸዋል፣ እየሳቀ።

ሐሴት ይቅርታ ልትጠይቅ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጣች። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ባለጉዳይ ተሰልፏል። ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል እግራቸውን ሰበሰቡና፣ እንደ ሁልጊዜው ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «እኔ ልጅ የለኝም» አሏት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ልጅቷ ተነሥታ ወጥታ ሄደች። እሳቸው ወደ ባለጉዳዩ ዞረው መጻፍ ጀመሩ። ያን ቀን በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን አልሰማሁም።

ጉሮሯቸው የሻከረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን አሉ፣ ዝንጅብል ጠጡ። በኋላ ሐኪም ቤት ተገባ፣ ተመረመረ፣ ክፉው በሽታ ሆነ። ነፍሳቸውን ለማትረፍ ማንቁርታቸው መውጣት ነበረበትና ወጣ። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ሳቅ አብሮ ወጣ። ወላሂ ሄጄ ሳያቸው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሐሴት ሆስፒታል ሌት ተቀን አልተለየቻቸውም። እሳቸውም አላባረሯትም፤ እጇን ይዘው ይተኛሉ። ታርቀዋል ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። ነገር ግን አንድ ቀን ኮሪደር ላይ እንዲህ አለችኝ፦ ከአባቷ አፍ የመጨረሻ የሰማችው ቃል «ልጅ የለኝም» የሚል ነው፤ ያንን የሚሽር ሌላ ቃል እስክትሰማ ድረስ ልቧ አያርፍም። እሳቸው ደግሞ ከእንግዲህ ቃል ከየት ያመጣሉ?

ኪቦርዱን ያመጣሁት ያኔ ነው። በእስክሪብቶ እንዳይጽፉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ግን አይንቀጠቀጥም፣ የልምድ ነገር ሆኖ። በስልክ ይጻፉ ቢባል በአንድ ጣት መጻፍ ለታይፒስት ስድብ ነው፤ ስልኩን መልሰው ሰጡን። ባለገመዱ ኪቦርድ አልጋቸው ድረስ አይደርስም። ባለባትሪው ደግሞ ባትሪው ዛሬ ገብቶ ነገ ያልቃል፤ የእኛን አገር ባትሪ ታውቁታላችሁ። ይሄኛው ከፊደሎቹ በላይ ጥቁር መስታወት የመሰለ ነገር አለው፤ ብርሃን የሚበላው በእሱ ነው። ፀሐይ የግድ አይልም፣ የመስኮት ብርሃን ይበቃዋል፣ የአምፖልም ቢሆን። አንዴ ከጠገበ ጨለማ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቀጭን ነው፣ ጭን ላይ ሲያስቀምጡት አይከብድም። አልጋ ላይ ጋደም ብለው ሲጽፉ ማዶ ያለው ቲቪ ላይ ቃሉ እንደ ሱቅ ታፔላ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። እንደዚያ አድርጌ ገጠምኩላቸው።

መጀመሪያ የጻፉት ምን መሰላችሁ? «ፈትያ፣ ከእንግዲህ ግድግዳሽን ድፈኚ፤ አፌ ተመልሷል።»

ቤቱ እንደገና ሰው በሰው ሆነ። ሰው ቲቪ ለማየት ይመጣል፣ ማለቴ ጋሽ ብርሃነን ለማንበብ። ይተርባሉ፣ ይመክራሉ፣ ቤተሰብ ያስታርቃሉ። «እኔ ብርሃነ፣ ቀለቡ ብርሃን፣ ምን ጎደለን?» ብለው ይጽፋሉ። መብራት ሲጠፋ ቲቪው ይጠፋል፣ እሳቸውም ያኔ ዝም ይላሉ፤ ኪቦርዱ ግን መስኮቱ ሥር ሆኖ ቀለቡን ይበላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እሳቸው በጣታቸው ደጃዝማች ሆኑ።

አሁን ስለ እትዬ ወለቴ ዳንቴል ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። እትዬ ወለቴ ቤት ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም። ቲቪው ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው። ሁሉንም በእጃቸው ነው የሠሩት። የተወደደ ዕቃ ይሸፈናል፤ እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፣ የእኔም እናት እንዲሁ ናት። የባላቸውን አፍ የመለሰ ዕቃማ እንዴት ሳይሸፈን ይደር! ነጭ ዳንቴል፣ ዳሩ ላይ ሰማያዊ ጥልፍ ያለው፣ ለኪቦርዱ በልኩ ሠሩለት። እኔ ሳይ ሳቄ መጣ። «እትዬ ወለቴ፣ ይሄ እኮ ብርሃን ነው የሚበላው፤ ከሸፈኑት ይራባል» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ አቧራ ይገባዋል፣ ፀሐይም ቀለሙን ያስለቅቀዋል አሉኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ ቀን ቀን እንዲገለጥ፣ ሲመሽ እንዲሸፈን ተስማማን። ካዛንቺስ ቤታቸው መስኮቱ ሰፊ፣ ፀሐዩ ደህና ስለነበር ይበቃው ነበር።

ከዚያ ካዛንቺስ ለልማት ተነሣ። እኔ ሱቄን ይዤ ወደ ኡራኤል ሄድኩ፤ እነ ጋሽ ብርሃነም እዚያው ኡራኤል፣ ከአንድ ፎቅ ጀርባ፣ የግቢ ቤት ተከራዩ። መስኮቱ ከፎቁ ግድግዳ ጋር አፍ ለአፍ ነው፤ በቀን እንኳ መብራት ካልበራ መርፌ አይታይም። አምፖሏም ደብዛዛ ናት። ኪቦርዱ እዚያ ቤት ጠግቦ አያውቅም፤ የዕለቱን እየበላ ነው የኖረው። እኔ ስመጣ ወደ በረንዳው አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ስሄድ እትዬ ወለቴ ያስገቡታል። ይሰረቃል ብለው ነዋ፣ አዲስ ሰፈር ነው።

በዚህ መሃል ሃፍቶም ሽማግሌ ላከ። ዘግይቶም ቢሆን ላከ። ዋናው ሽማግሌ አጎቱ ነበሩ፣ አቶ አስመላሽ፣ ሽበታቸው የሚያምር ሰው። ተነሥተው ቆመው በወጉ ልጅ ጠየቁ። ጋሽ ብርሃነ ቀድሞውኑ ተሸንፈዋል፤ ለወጉ ያህል ትንሽ አስጠበቋቸውና ቲቪው ላይ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ብለው ጻፉ። ሐሴት ጓዳ ነበረች። ሮጣ ወጥታ ቲቪውን ቆማ አየችው። «ልጄን» የምትለዋን ቃል ነው የምታየው። እኔ አየኋት፤ ግን ይሄ ለሽማግሌዎቹ የተባለ ነው። ለእሷ የሚባለው በምርቃቱ ቀን ነው። ራሷ ላይ እንዲባል ነው የምትፈልገው፤ አዳራሽ አልፈለገችም፣ መኪና አልፈለገችም። «ፈትዬ፣ አባዬ ይመርቀኝ እንጂ፣ ሌላው በቃ ይቅር» ነበር የምትለኝ።

እኔ ምርቃቱን አስቀድመው ጽፈው እንዲያስቀምጡ፣ እኔም በቆንጆ ወረቀት አትሜ ላሚኔት ላደርግላቸው አሰብኩ። ለጋሽ ብርሃነ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ያው ድምፅ በሌለው ሳቅ፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። ከዚያ ጻፉ፦ «ቀድሞ የተጻፈ ምርቃት ማመልከቻ ነው። ማመልከቻ ዕድሜዬን ሙሉ ጽፌአለሁ። ምርቃት ልጅ ስትንበረከክ ነው የሚመጣው።» ላሚኔቱን ተውኩት። ደስም አለኝ፣ እውነቴን ነው።

የሠርጉ ሳምንት ቤቱ በእንግዳ ተጨናነቀ። ዘመድ ከሰላሌ መጣ፣ ሕፃናት መጡ፣ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ፍራሽ ያነጥፋል። ቲቪው ለእንግዳ ተብሎ ዘፈን ላይ ዋለ፤ ጋሽ ብርሃነም ለቀናት በእጃቸውና በግንባራቸው ነው ያወሩት። እትዬ ወለቴ ሕፃናቱ ኪቦርዱን እንዳይሰብሩት ፈሩ። ጠረጉት፣ ዳንቴሉን አለበሱት፣ በነጠላ ጠቀለሉት፣ ቁምሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ለክብሩ ቀን ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ። እኔ ይህን አላወቅኩም፤ ያን ሳምንት ሱቅ ዕቃ ገብቶልኝ አልሄድኩም ነበር።

የምርቃቱ ቀን ከሰዓት ደረስኩ። ቤቱ ሞልቷል፣ በር ላይ ሁሉ ሰው ቆሟል። ጋሽ ብርሃነ ሱፋቸውን ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ በነጭ ስካርፍ ሸፍነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቲቪው ከራስጌያቸው በስተጎን ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያነብ። እትዬ ወለቴ ኪቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ፤ ዳንቴሉን አነሡና ባላቸው ጭን ላይ አኖሩት። ሐሴትና ሃፍቶም ተንበረከኩ። ሐሴት ጉልበታቸውን ስማ ራሷን እዚያው፣ ከኪቦርዱ ሥር፣ ደፋች። እግራቸውን አልሰበሰቡም።

ጋሽ ብርሃነ መጻፍ ጀመሩ። ዓይናቸው የልጃቸው ራስ ላይ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ኪቦርዱንም ቲቪውንም አያዩም። ጣታቸው ይሮጣል። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበርና የፊደሎቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ቲቪው ላይ ምንም የለም።

መጀመሪያ ሰው የዘገየ መሰለው። አቶ አስመላሽ መነጽራቸውን አወጡ። እኔ ግን ዕቃዬን አውቃለሁ፤ ገና ስክሪኑን ሳይ ገባኝ። ከሰው መሃል ልወጣ ስል እትዬ ወለቴ ክንዴን ጨበጡኝ። ምርቃት አይቋረጥም፤ በማንም ሃይማኖት አይቋረጥም። ደግሞስ ምን ብዬ? ፊታቸውን ብታዩት! እንባቸው እየወረደ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ በሙሉ አፋቸው እየመረቁ ነበር። ከበሽታው በኋላ እንደዚያ ቀን ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም።

ጣታቸው ትንሽ አረፈ። ሐሴት አንገቷን እንደደፋች፣ ቲቪውን ሳታይ፣ «አሜን» አለች።

እንደገና ጻፉ፣ እንደገና አረፉ። «አሜን» አለች። ያኔ አቶ አስመላሽ ቀስ ብለው «አሜን» አሉ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ባዶ ቲቪ ፊት ቆመን፣ ጣታቸው ባረፈ ቁጥር አሜን እንላለን። እኔም አሚን እላለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ያለቅሳሉ። ረጅም ምርቃት ነበር። ብዙ ነገር ብለዋል።

ሲጨርሱ ቀና አሉ፤ የሰዉን ፊት አዩ፣ ከዚያ ዞረው ቲቪውን አዩ። ኪቦርዱን አነሡት፣ አንዱን ፊደል ደጋግመው ተጫኑ፣ መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እትዬ ወለቴን ነው ያዩት። አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉላቸው፣ ምንም አይደለም እንደማለት። እጃቸውን ሐሴት ራስ ላይ ጭነው ረጅም ጊዜ ቆዩ። እልልታው ቀለጠ፤ ሰው በእልልታ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ኪቦርዱን በረንዳ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ነፍስ ዘራ። አልኳችሁ እኮ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ሙሽሮቹ በዚያው ጠዋት ለጥቂት ቀን ሐዋሳ ሄደዋል። እትዬ ወለቴ ባላቸው እግር ሥር ተቀምጠው፣ ትናንት ያሉትን እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው። ለሐሴት በስልክ እንልክላታለን አልን። ጋሽ ብርሃነ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ምርቃት በሌለ ራስ ላይ አይወርድም። ለመልስ ስትመጣ ትንበርከክ፤ እንደገና እላታለሁ።»

ለመልሱ አልደረሱም። ሳምባቸው ድሮውንም ደካማ ነበር፤ የሠርጉ ግርግርና ብርዱ ተጨመረበት። ሐሴት ከሐዋሳ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ያው የሠርጉ ድንኳን የተከራየበት ቤት ነው የላከው። እንዴት እንዳለቀሰች አልነግራችሁም፤ አልችልም። እትዬ ወለቴ ደረታቸውን እየደቁ «አፍህን ቆለፍኩብህ፣ በእጄ ቆለፍኩብህ» እያሉ ነበር የሚያለቅሱት። ሰው ሁሉ ዝም ይበሉ ይላቸዋል። እኔ አላልኳቸውም፤ ምን ብዬ ዝም ይበሉ እላለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሐሴት ሱቅ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች። ኪቦርዱን በፌስታል ይዛ ነው። ከመደርደሪያዬ ላይ አስቀመጠችውና ቁጭ አለች። ውኃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም።

«ፈትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ማለቴ፣ ያን ቀን የጻፈው... ውስጡ አይቀርም? አሁን እኮ ጠግቧል፣ መስኮት ላይ ነው ያዋልኩት። ከኮምፒውተር ጋር ብታገናኚው ያለው አይወጣም?»

በዚህ ሱቅ ስንት ሰው ስንት ነገር ጠይቆኝ ያውቃል፤ ለማንም መልስ አጥቼ አላውቅም። እንደሱ ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ የአባቷ አስተያየት ነው፣ ልዋሻት አማረኝ። ይወጣ ይሆናል፣ ተይው እኔ ልሞክር ልላት። ግን ከዚያስ? በየቀኑ እየመጣች ልትጠይቀኝ ነው።

«አይቀርም ሐሴትዬ» አልኳት። «ኪቦርድ ምንም አይዝም። ብርሃን ከሌለው የተጫኑት ሁሉ እዚያው ይጠፋል።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የምታውቀውን ነገር እንደሰማች ሁሉ። እጇን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች፣ ግን አልተጫነችም።

«አንቺ ቆመሽ ነበር፣ ፊቱን ታዪው ነበር» አለችኝ። «እኔ አቀርቅሬ አላየሁትም። ለምን ለምኑ ነው አሜን ያልነው?»

«አላውቅም» አልኳት።